ሳል ሳይነካው

«ቢያንስ በበሽታው አልሞተ፤ ተመስገን ነው!» አለች ጎረቤታቸው፣ ከአፍ መሸፈኛዋ በላይ ባልቴቷን ሳይሆን ልጃቸውን እያየች። «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን። አባቱን ሳል ሳይነካው ሸኘው።»

«ታዲያ በምን ሞተ?» አሉ ባልቴቷ።

ተራርቀው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወደ ልጅየው ዞሩ።

«እርጅና ነዋ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው።

እርጅና! ባላቸው ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ፀጉር የቆረጠ ሰው ነበር። ወሬ ሲያጣፍጥ መላጣ እንኳ «ከርክመኝ» እያለ ይመጣበታል። ወረርሽኙ ሲገባ ግን ልጅየው ፀጉር ቤቱን ዘጋ፤ አባቱን ከጓሮ ክፍል አስገባ። ምግብ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ በሩ ይንኳኳል፤ ያመጣው ሰው ዞሮ ይሄዳል። ባልቴቷም «ገበያ ትወጫለሽ» ተብለው እሱ ጋ እንዳይገቡ ተከለከሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ከበሩ ወዲያ የመቀስ ድምፅ ይሰማቸው ነበር። ባዶ አየር ይቆርጣል።

«ማንን ነው የምትቆርጠው?» ይሉታል።

«ወረፋ የደረሰውን!» ይላል እየሳቀ።

ኋላ ሳቁ ቀረ። ኋላ መቀሱም ዝም አለ፤ ሳህኑም እንደሞላ ይመለስ ጀመር። «ክፈትለት፣ ሰው ይየው» ቢሉት ልጅየው «ልትገድይው ነው?» አላቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ። «ለቀስተኛው ሲበተን አንቺም እዚያው ክፍል ትገቢያለሽ። የቀረሽን አንቺ ብቻ ነሽ።»

«በቁሜ ልትቀብረኝ?» ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «አባትህን ከበሽታ አስጥለህ ለብቸኝነት ሰጠኸው! እናንተም ተመስገን ትሉልኛላችሁ! አልገባም!»

የልጅየው ዓይን እንባ አቀረረ።

በር ላይ የሟች አብሮ አደግ፣ ጡሩንባ የሚሉት ጡረተኛ ሾፌር፣ እንዳይገባ ተከልክሎ ቆሟል። ፀጉሩ ጆሮውን ውጦታል።

«አንተ ምነው እንዲህ ጎፈርክ?» አሉት ባልቴቷ።

«ሌላ እጅ አላስነካም ብዬ ነዋ። ይከፍታል እያልኩ…» አልጨረሰውም።

ባልቴቷ ከቤት የልብስ መቀሳቸውን ይዘው ወጡ፤ ወንበር ጎትተው አስቀመጡት።

«እማዬ፣ አትጠጊው!»

አልሰሙትም። አንዱን ጎን አሳጠሩ፤ ሌላውን ለማስተካከል ሲሉ ደግሞ ይበልጥ አሳጠሩት።

«ምን አስመሰልሽኝ? ሰውየው ቢያይ ይስቅብኝ ነበር» አለ ጡሩንባ።

«ይሳቅብህ።»

ሲጨርሱ መሸፈኛቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። ጎንበስ ብለው፣ ባላቸው ደንበኛ ሲሸኝ እንደሚያደርገው፣ ማጅራቱ ላይ የቀረውን ፀጉር እፍ አሉለት።