የገንዳው ቅጠሎችና የእህቴ ሳል

ነገር ሲበላሽ ቁጭ ብዬ ማየት አይሆንልኝም፤ ቆሽቴ ያርራል። ጸጉር ቤቴ ውስጥ ያለው የአሳ ገንዳ ተክል መበስበስ ሲጀምር እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ገንዳውን ያስዋቡት ዘንጎች ከሥራቸው ጠቆሩ። ቅጠሉ እንደተቀቀለ ሽንኩርት ሳሳ። ጠዋት ስከፍት ጫፎቹ ተበጥሰው ላይ ላዩን ይንሳፈፋሉ።

«እትዬ፣ ገንዳውን አገባሽው እንዴ?» ትለኛለች ታናሽ እህቴ። አብራኝ ነው የምትሠራው። አምና ጽንስ ወርዶባት አብሬያት አልቅሻለሁ። አሁን ሆዷ ገፍቷል፤ ይሄኛውን በሰላም ትገላገልልኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ከባድ ነገር አላስነሳትም፤ ጸጉር ማለስለሻውን ኬራቲን እንኳ ተቀምጣ ነው የምትቀባው። ከሷ እጅ ሌላ አንፈልግም የሚሉ ደንበኞች ባይኖሩ ቤት ባስቀመጥኳት። ሳል ይዟታል፤ ጉንፋን ነው ብለን ማርና ሎሚ እናጠጣታለን።

ለገንዳው ደንበኛው ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዷ መብራት አነሰው አለች፤ አምፖል ቀየርኩ። ሌላዋ ማዳበሪያ ነው ያጣው አለች፤ ብጨምር መስታወቱ አረንጓዴ አተላ ለበሰ። የበሰበሰውን ቆርጬ ደህናውን ጫፍ መልሼ ተከልኩ፤ እሱም ቀለጠ። ሲመረኝ አሳ ሻጩን ጠራሁት።

«ማዘር፣ ምን አጠጥተውት ነው?» ብሎ ገባ።

«ማዘር አያትህ ትሁን! ተክሉን እይልኝ።»

ጥቂት ጫፎች ቆርጦ፣ የኔኑ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ወደ ሱቁ ወሰደ። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ግራ ገብቶታል። በዚያው ውሃ፣ በዚያው ዓይነት አምፖል፣ እሱ ጋ ፏ ብሎ በቅሏል። «ውሃም አይደለ፣ መብራትም አይደለ» አለና የአየር ፓምፑን ቱቦ ይከተል ጀመር። ተከትሎ ተከትሎ እህቴ ወንበር ጀርባ ተንበረከከ። ፓምፑ እዚያ ነው። እሷ ደግሞ የደንበኛ ጸጉር ላይ የተቀባውን ኬራቲን በፒያስትራ እየተኮሰች ነበርና ጭሱ ይትጎለጎላል። ሰውዬው ዓይኑን እያሻሸ ተነሳ።

«ይሄንን እኮ ነው ቀን ሙሉ ስቦ ውሃው ውስጥ የሚነፋው! ታዲያ እንዴት አይሞት? አየር ይቀይሩለት።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ! የዚያኑ ዕለት ውሃውን ለውጠን ገንዳውን ወደ ጓዳ አዛወርነው። ፓምፑን ከተከፈተው መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። የኬራቲኑ ሽታ እንዳይገባ የጓዳው በር ሥር ጨርቅ ወተፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ከየጫፉ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ብቅ አለ። እንደ ልጅ ጮህኩ። «ነይ እይ! ነይ እንጂ!»

እህቴ የጀመረቻትን ደንበኛ ትታ እየሳለች መጣች። ዓይኗ ደም መስሏል። ሆዷን በእጇ ደግፋ ገንዳውን ብዙ አየችው፤ ከዚያ በሩ ሥር ያለውን ጨርቅ አየች።

«እዚህ ደስ ይላል» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ እኔም እዚህ ልሁን?»

ክው አልኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጨርቁን የወተፍኩት እኔው ነኝ፤ እሷን ከወዲያ በኩል ትቼ! አይ እኔ! ምን ዓይነት እህት ነኝ?

«ኧረ ጸጉሬ ደረቀ! የት ገባችሁ?» ትጮኻለች ደንበኛዋ። ወጣሁና ግማሽ ጭንቅላቷ እንደተቀባ ከወንበሩ አስነሳኋት። ታጠቢና ሂጂ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ኬራቲን የለም አልኳት። የወረደብኝን ስድብ አልሰማሁትም። በሩንም መስኮቱንም በረጋገድኩ።

ስመለስ እህቴ ገንዳው አጠገብ ተቀምጣለች። ሳሉ ፋታ ሲሰጣት መስታወቱን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ከታች የቀሩትን የተቃጠሉ አሮጌ ቅጠሎች አሳየችኝ።

«እነዚህስ? አየሩ ከተቀየረ ይድናሉ?»

አሳ ሻጩን ጠይቄው ነበር። የተጎዳ ቅጠል አይመለስም፣ ተቆርጦ ይጣላል ነው ያለኝ።

ሌላኛው እጇ ከሆዷ ላይ አልተነሳም።

«ይድናሉ እንጂ» አልኳት። «አሁን ተነሺ፤ ሐኪም ጋ እንሂድ።»