ሻንሲው የነጋ፣ ቦዲው የዋኘው

አያ መልካሙ ሞተው ልጆቻቸው ሲጣሉ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ አውቶብሱን ለሁለት ከፈለው። ቀልድ አይደለም። ሻንሲው ከነሞተሩና ከነጎማው ለታላቁ ለነጋ ተሰጠ፤ ከላይ ያለው ቦዲ ከነወንበሩ ለታናሹ ለዋኘው። መጀመሪያ "አንዳችሁ ለሌላው ሽጡ" ቢባሉ ሁለቱም እንቢ አሉ። "እንግዲያ ለሰው ይሸጥ" ቢባሉ "የአባታችንን ማኪና ባዕድ አይነዳውም" ብለው ተስማሙ፤ ከቀብሩ ወዲህ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ታክቶት "በሉ ላይና ታቹን ተካፈሉት" ብሎ ሲያሾፍ፣ ወንድማማቾቹ አሰብ አደረጉና ተቀበሉ።

እኔ ትዕዛዙ እባላለሁ። ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ አለኝ። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ ሚስቴ ትመሰክራለች። ይህን አውቶብስ ግን አያ መልካሙ ከገዙት ጀምሮ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ፣ ለሁለት ከተከፈለም በኋላ መከራውን የማየው እኔው ሆንኩ።

አውቶብሱ ቅጥቅጥ የምንለው ዓይነት ነው፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ እዚሁ አገር ቤት በተቀጠቀጠ ላሜራ የተሠራ። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ይመላለሳል። ሾፌሩ ጌቾ በዋኘው ወንበር ተቀምጦ የነጋን ሞተር ስለሚያስነሳ ሁለት አለቃ አለው። ጭቃ ሲይዛቸው ነጋ ወርዶ ይገፋል፤ ዋኘው "የጎማ ጉዳይ አይመለከተኝም" ብሎ ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ተሳፋሪ ሲያስመልሰው ደግሞ ዋኘው ውሃ ፍለጋ ይሮጣል፤ ነጋ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ በአየሩ ይደሰታል። ክላክሱ የማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም። እስኪወሰን ድረስ ጌቾ አንገቱን በመስኮት እያወጣ በገዛ አፉ ይጮኻል፤ አህዮቹ ለምደውታል።

ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም። ቃላቸውን የሚያመላልሰው ጌቾ ነው።

እንዲህ ሆነው የአያ መልካሙ ሙት ዓመት ደረሰ። ድግሱ አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ከጎንደር በዚያው አውቶብስ ሊወጣ ነው። እናትዮዋ እማማ የትነበርሽ ቀደም ብለው ጋራዤ ድረስ መጥተው "ትዕዛዙ ልጄ፣ ሙት ዓመቱ ሁለቱን ባንድ ማዕድ ሳላይ ካለፈ፣ ከሳቸው ጋር አብሬ ተቀብሬያለሁ ማለት ነው" አሉኝ። እንባ አልነበራቸውም፤ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገሩት። ያ ነው የባሰብኝ። እንግዲህ የኔ ሥራ አውቶብሱን ማድረስ ነበር።

ከሥር ገብቼ በምጠግንበት የጋራዤ ጉድጓድ ላይ አቁሜ ሳየው፣ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በሙሉ ላልተዋል። ጎሚኒ የምንላቸው በመሐል የሚገቡት ላስቲኮች አልቀዋል። ቦዲው በየመታጠፊያው ሊነሣ ሲዳዳው ኖሯል ማለት ነው። ላስቲኮቹን ቀየርኩና ቶርክ ቁልፌን አነሣሁ። ይህ ቁልፍ የሚፈለገውን ልክ ሞልተህ ስታጠብቅበት፣ ብሎኑ ልኩ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚነግርህ ነው። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ብሎን መበጠስ ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ ሰው መጨረስ።

"ስንት ልታደርገው ነው?" አለ ነጋ ከጉድጓዱ አፍ ቁጢጥ ብሎ።

"ሰማንያ።"

"ሰማንያ! ሻንሲዬን ልትሰነጥቀው? ስድሳ ይበቃል።"

ዋኘው በመስኮት ብቅ አለ። "ጌቾ፣ ለዚያ ሰውየ ንገረው። የኔ ቦዲ እንደ ድንኳን ሲወዛወዝ አይኖርም። መቶ ይሁን።"

ሁለቱ እጅ ለእጅ ይደራረሳሉ፤ ጌቾ ግን ዞር ብሎ "መቶ ይሁን ብሏል" አለ።

"ስሙ" አልኩ። "ሰማንያ የኔ ሐሳብ አይደለም። የብሎኑ ልክ ነው። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ያሉት ነው።"

"እነሱ የኛን ርስት ምን ያውቁታል?" አለ ነጋ።

ተመልሰው ሽማግሌ ጠሩ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጋራዥ። ጠቡን ከመጀመሪያው የያዙት አያ አድማሴ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፤ ቄስ ዝማሬም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ሌሎችም ተከትለው በአሮጌ ጎማዎቼ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ። እኔ ቁልፌን እንደያዝኩ ከጉድጓዱ ውስጥ አንገቴን አውጥቼ ቆምኩ።

አያ አድማሴ ቁልፉን ተቀብለው አገላበጡት። "ይኸስ የማን ወገን ነው?"

"የማንም አይደለም አያ። ልኩ ሲደርስ ቀጭ ይላል።"

"እንግዲያ ምስክር ነው በለኛ። ምስክር ደግሞ ሳይምል አይሰማም።"

ቄስ ዝማሬ ብረት አይምልም አሉ። ሌላው ሽማግሌ፣ በዚህ ዘመን ከሰው ብረት ይሻላል አለ። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ስለ ቁልፉ ባለቤቱ ይማል ተባለና፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ፣ መስቀል ተሳልሜ፣ ቁልፌ ዋሽቶ እንደማያውቅ ማልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ጠላቴንም አይግጠመው።

ከዚያ ግልግሉ ተጀመረ። ነጋ ስለ ሽማግሌው ክብር ብሎ ወደ ስድሳ አምስት ወጣ። ዋኘው ስለ አባቱ ነፍስ ብሎ ወደ ዘጠና አምስት ወረደ። አያ አድማሴ ተነሥተው አንዱን ወደ ጥግ ወስደው ያንሾካሹካሉ፣ ተመልሰው ሌላውን ይወስዳሉ። "አንተ ታላቅ ነህ፣ ትንሽ ጨምር።" "አንተ ታናሽ ነህ፣ ትንሽ ተው።" ሰባ አለ፤ ዘጠና አለ። ሰባ አምስት አለ፤ ሰማንያ አምስት አለ። በስተመጨረሻ ሁለቱም እየተነጫነጩ ሰማንያ ላይ ተገናኙ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቁልፌን ሰማንያ ላይ ሞልቼ ወደ መጀመሪያው ብሎን ስሰነዝር አያ አድማሴ ምርኩዛቸውን አነሡ።

"ቆይ እስቲ። ቅድም ትዕዛዙ ያለው ስንት ነበር?"

"ሰማንያ" አለ ጌቾ። አፉን በያዘልኝ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አያ አድማሴ ፊታቸው ጠቆረ። "እንግዲያ እኛ ምን ሠራን? ነገ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ፣ ሽማግሌ ውሎ ውሎ መካኒክ ያለውን ብሎ ተነሣ ሊሉን ነው። አይሆንም። ትዕዛዙ፣ ስለ ሽበታችን አምስት ቀንስ።"

"አያ አድማሴ፣ ብሎን ሽበት አያይም!"

"አንተስ? አንተ አታይም?"

ምን ይባላል? ቁልፌን ዝቅ አደረግሁ። ዋኘው ግን "አምስት ከተቀነሰ የተቀነሰው ከኔ ነው" ብሎ ተነሣ። ነጋ ሳቀ፤ በሳቁ ነገሩ እንደገና ነደደ። ሰማንያ ፈረሰ። አንዱ ወደ ስድሳው፣ ሌላው ወደ መቶው ተመለሰ። ሽማግሌው ደከመው፤ ሆዱም ራበው። ያኔ አያ አድማሴ ፍርዳቸውን ሰጡ። በሾፌሩ በኩል ያሉት የግራ ብሎኖች እንደ ነጋ በስድሳ ይጠበቁ። በበሩ በኩል ያሉት የቀኝ ብሎኖች እንደ ዋኘው በመቶ።

"ተሳፋሪውስ?" አልኩ።

"ተሳፋሪ አቤቱታ አላቀረበም" አሉ።

ሁሉም ረክተው ተጨባበጡ፤ ወንድማማቾቹ ሲቀሩ። እኔ ተናደድኩ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈራሁ። ባንድ ወገን የላላ ባንድ ወገን የተወጠረ ቦዲ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የፊተኛው ወንበር ደግሞ የእማማ የትነበርሽ ነው። "እኔ አላጠብቅም" ስል ቄስ ዝማሬ መስቀላቸውን ወደኔ አዞሩ፤ የሽማግሌ ፍርድ የሚያፈርስ ምን እንደሚሆን ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፈቱ።

በዚህ መሐል ባጃጅ በሩ ላይ ቆመችና እማማ የትነበርሽ ወረዱ። ጌቾ ነው ለካ፣ ሹልክ ብሎ ስልክ የደወለላቸው። በዚያች ሰዓት የቅድሙን ይቅር አልኩት። እማማ ዙሪያውን ሰላም ብለው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ፍርዱ ተነገራቸው፤ ስድሳውም፣ መቶውም፣ የኔ መሐላም ሳይቀር። ሁሉንም ሰምተው ጨረሱ።

"እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ። "መልካሙ ሲሞት ሚስት ነበረው ወይስ አልነበረውም?"

"ነበረው እንጅ" አሉ አያ አድማሴ። "ምነው የትነበርሽ?"

"ታዲያ የኔ ድርሻ የታለ?"

ከሻንሲውም ከቦዲውም በፊት ግማሹ የሚስት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ትዝ አላለውም ነበር።

"ያን ጊዜ ምነው ሳትጠይቂ?" አሉ አያ አድማሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እያለቀስኩ ነበራ።"

ነጋ ሞተሩን አየ። ዋኘው ወንበሮቹን አየ። ሁለቱም ልባቸው ተሰቅሏል።

"በይ እንግዲህ፣ ምን ይሰጥሽ?"

"ብሎኖቹን።"

"ብሎኖቹን ብቻ?"

"ብሎኖቹን ከነዳዷቸው።"

የሳቁ ሳቅ! ነጋ ሳቀ፣ ዋኘው ሳቀ፣ ሽማግሌው ሁሉ እፎይ ብሎ "ሸጋ! ሸጋ ነው!" አለ። ቄስ ዝማሬም ቸኩለው "ለይኩን፣ ለይኩን" አሉና፣ የባልቴቲቱን ብሎን ያለፈቃዷ የነካ ከማኅበር ይለይ ብለው በዚያው ገዘቱ። እማማ የትነበርሽ መስቀሉን ተሳለሙ፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው "ትዕዛዙ ልጄ፣ ንብረቴን ፍታልኝ" አሉኝ።

ፈታሁ። እንደዚያ ቀን በደስታ ብሎን ፈትቼ አላውቅም። አንድ ባንድ አውጥቼ ነጠላቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፤ ከበዳቸውና ጌቾ ተሸክሞ ባጃጅዋ ውስጥ ከተተላቸው። ሄዱ። አውቶብሱ ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው። አያ አድማሴ ዞረው ዞረው አዩት።

"አሁን ቢነሣ ምን ይሆናል?" አሉኝ።

"የነጋ ይሄዳል፣ የዋኘው ይቀራል።"

ማንም አልሳቀም።

በማግሥቱ ጠዋት ነጋ ለብቻው እናቱ ቤት ሄዶ ብሎኖቹን ለመነ። "ለሻንሲ ብቻ ብሎን ምን ያደርግለታል?" ብለው መለሱት። ዋኘውም ለብቻው ሄደ። "ለቦዲ ብቻ ምን ያደርግለታል?" አሉት። በነጋታው ሙት ዓመቱ ነው፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ መቅረት ደግሞ ውርደት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ደግመው ሊለምኑ መጥተው እናታቸው በር ላይ ተጋጠሙ። እማማ ትሪ አቀረቡ፤ አንድ ትሪ። ጌቾ እንደነገረኝ ሁለቱም ቃል ሳይተነፍሱ በየፊናቸው ሽሮውን ጨረሱት፣ እማማም ያኔ የብሎኑን ጆንያ ሰጧቸው። "ልኩ ሰማንያ ነው። ባለቤቷ ሰማንያ ብላለች በሉ" አሉ።

ይህን ብሎን አንድ ሰው ብቻውን አያጠብቀውም። አንዱ ከላይ ከወለሉ የብሎኑን ራስ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ዳዶውን ያዞራል፤ ካልተያዘ አብሮ ይሽከረከራል። ባለንብረቶቹ ራሳቸው ይግቡበት አልኩ፤ እልህ ይዞኛል። ዋኘው ከላይ ተንበረከከ፣ ነጋ ሰማንያ ላይ የሞላሁለትን ቁልፍ ይዞ ጉድጓድ ገባ። ጌቾን ናፍጣ ግዛ ብዬ ሆን ብዬ ላክሁት።

ነጋ አዞረ፤ ብሎኑ አብሮ ዞረ። እንደገና አዞረ፤ አብሮ ዞረ። ዋኘው ከላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ያዝ የሚለው ሰው አልመጣም። ነጋ ላቡን ጠረገ። ጌቾን ፈለገ፤ የለም። እኔን አየኝ፤ ወደ ሰማይ አየሁ።

"ያዝ" አለ በመጨረሻ።

ከላይ የተጣመረው እጅ ተፈታ። ከዚያ "ይዣለሁ" አለ ዋኘው።

ቀጭ።

ወደ ኮምፕሬሰሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። አያ መልካሙ አፈር ከለበሱ ወዲህ ወንድም ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ስመለስ "ያዝ"፣ "ይዣለሁ"፣ "ቀጭ" እየተባባሉ ወደ ኋላ ደርሰዋል። አንድ ብሎን ግን ጎደለ። ጆንያውን ገለበጥን፤ የለም። ለእማማ ደወልን። "ቤት ውስጥ ወድቆ ይሆናል፣ ደግሞ መጥታችሁ ትፈልጋላችሁ" አሉና ዘጉት። አውቶብሱ ማልዶ ይወጣል፤ ስለዚህ ከራሴ ዕቃ ቤት ልክ እንደሱ ያለ አዲስ ብሎን አምጥቼ፣ ዋኘው ከላይ ይዞልኝ፣ ነጋ እያየ፣ ሰማንያ ላይ አጠበቅሁት። አውቶብሱ ያን ጊዜም ዛሬም ምንም አይጎድለውም። እማማ የትነበርሽ በፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ወጡ፤ ልጆቻቸው ባንድ ድንኳን ውስጥ እንግዳ አስተናገዱ።

የጠፋችው ብሎን ግን የእናታቸው ንብረት ናት፣ ግዝትም አለባት። ስለዚህ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም ሊፈልጓት ይሄዳሉ። አልጋ ያነሣሉ፣ ጎታ ያንቀሳቅሳሉ፣ ሲፈልጉ ይርባቸዋል፣ ምሳ ይበላሉ፣ ደግሞ ይፈልጋሉ። ባለፈው ሰንበት እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ብሎኗ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ነፋስ እንዳይከፍተው መዝጊያውን ደግፋ ቆማለች። ነጋ ክንዱን አጠገቧ አስደግፎ "ከአልጋው ሥር ደግመን እንይ እስቲ፣ ባለፈው በደንብ አላየንም" አለ። ዋኘው "እዚያማ ጨለማ ነው" ብሎ ብሎኗን አነሣ፣ መስኮቱን ለብርሃን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ብሎኗን ቦታዋ ላይ መልሶ አቆማትና ከወንድሙ ኋላ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር ገባ።