ከክርስትናው በፊት የተነቀለ ጥርስ

«አባቴ፣ ዛሬ ምን በሉ?»

ቄስ ኪዳነ ወልድ በጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ እንደተንጋለሉ፣ የእጅ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በጥያቄው ተገረሙ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። በእሳቸው አገር ሰው ጸበል ሊጠጣም ሆነ የባህል መድኃኒት ሊቀምስ ሆዱን ባዶ አድርጎ ነው የሚቀርበው፤ ለሐኪምም እንዲሁ መስሏቸው ነበር። በዚያ ላይ ዕለቱ ረቡዕ ነው። ቄስ በረቡዕ ጠዋት ምን ሊበላ ኖሯል?

«ምንም አልቀመስኩ» አሉ፣ ትንሽ ኮራ ብለው።

ዶክተር ሐና ያነሳችውን መርፌ መልሳ አስቀመጠች። የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ መሐል ሜዳ ተመድባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም።

«እንግዲያው አልነካዎትም። እኔ እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት አልሰጥዎትም፤ የማደነዝዘው አፍዎን ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ በልቶ መምጣት ነው የሚሻለው። በባዶ ሆድ ወግቼዎት ራስዎን ቢስቱስ?»

«ጾም ነው፣ ልጄ።»

«ለታመመ ሰው እርስዎ ምን ይሉታል?»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ባለቤታቸው ጌታነሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ስንቷን አራስ፣ ስንቱን አዛውንት «ለታመመ ጾም የለበትም፣ ብላ!» ብለው ሲቆጡ ሰምታለች። ዛሬ ተራው የእሳቸው ሆነ። ዘንቢሏን ስትከፍት በሶው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ባሏን ታውቃቸዋለችና ከቤት ስትወጣ ይዛው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው በጥብጣ ሰጠቻቸው። መንጋጋቸው አልከፈት ብሏቸው በጠባቡ እያሾለኩ ጠጡት።

ጥርሱን ከዐቢይ ጾም ጀምሮ በቅርንፉድና በነጭ ሽንኩርት ሲያባብሉት ነው የከረሙት። አሁን ጉንጫቸው አብጦ፣ ትኩሳት ለቆባቸው፣ ዜማ እንኳ አልወጣ አላቸው። የሚያስጨንቃቸው ግን ሕመሙ አልነበረም። እሑድ የልጃቸው የሳሌም ልጅ ሰማንያ ቀኗን ትደፍናለች፤ ክርስትና ትነሳለች። ሳሌም ተድራ ስንት ዓመት ስለት ስትሳል ኖራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ያገኘቻት ልጅ ናት። ቄስ ኪዳነ ወልድ በሚያገለግሉባት በቀየት የሰውን ልጅ ሁሉ አጥምቀዋል፤ የገዛ ልጃቸውን ልጅ ለማጥመቅ ግን ይህን ቀን ሲጠብቁ ኖሩ። ደም የሚፈሰው ካህን ደግሞ መቅደስ አይገባም። ከአፋቸው አንዲት ጠብታ ብትታይ እሑድ ከደጅ ቆመው ሊያዩ ነው።

ተመልሰው ወንበሩ ላይ ሲወጡ ነገሩን ለሐና ዘረገፉላት። «እስከ ሰኞ ብታቆዪልኝስ?»

ሐና ራጁን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችላቸው።

«ይኸውልዎ፤ ጥርሱ ግማሹ ከድድ ሥር ተጋድሞ ነው የበቀለው። ከሥሩ መግል ቋጥሯል። እስከ ሰኞ ካቆየሁት ወደ አንገትዎ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ የምናወራው ስለ ነፍስዎ ነው። ድዱን ትንሽ እከፍታለሁ፤ ጥርሱን ለሁለት ከፍዬ አወጣና እሰፋዋለሁ። ሲገፋና ሲጎተት ይሰማዎታል፤ ካመመዎት ግን እጅዎን ያንሱ፣ ማደንዘዣ እጨምራለሁ። ሌላም ልንገርዎ፤ ከአጠገቡ የከንፈር ነርቭ ያልፋል። አልፎ አልፎ ከንፈሩ ለሳምንታት ደንዝዞ የሚቆይ ሰው አለ፤ ከዚያም በላይ የሚቆይበት አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ።»

«ደሙስ?»

«ዛሬና ነገ ትንሽ ትንሽ ይላል። የሚያቆመው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። እሱን ካልነካኩት ለእሑድ ይደርቃል ብዬ አስባለሁ። ግን አልምልልዎትም።»

ቄስ ኪዳነ ወልድ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲምልላቸው ኖረዋል፤ ከማለላቸውም ብዙው ዋሽቷቸዋል። አልምልም ያለቻቸውን ይህችን ልጅ አመኗት።

«በይ ጀምሪ» አሉ። «እጅሽን ይባርከው።»

መርፌው ሲወጋቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የዕለቱን ጸሎት በልባቸው ይደግሙ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ከንፈራቸው የሌላ ሰው ከንፈር ሆነባቸው። ጥርሱ ሲሰነጠቅ እንጨት ሲፈለጥ ዓይነት ድምፅ በራስ ቅላቸው ውስጥ ሰሙ፤ ፈሩ፤ ግን አላመማቸውም። ጸሎቱን ሳይጨርሱ ስፌቱ አለቀ።

ሐና የታጠፈ ፋሻ አስነከሰቻቸውና ምክሯን ወደ ጌታነሽ አዞረች።

«እማማ፣ አባ አንድ ሰዓት ያህል አጥብቀው ይንከሱት። ሲያወጡት ነጣ ካለ ደህና ነው፤ በደም ከራሰ ሌላ ያስነክሷቸውና ይደውሉልኝ። ዛሬ መትፋት የለም፣ መጉመጥመጥ የለም፤ የረጋውን ደም ነቅሎ ያወጣዋል። ከነገ ወዲያ ለብ ያለ ውኃ በጨው፣ በቀስታ። ትኩስ ነገር አይስጧቸው። ያዘዝኩላቸውን መድኃኒት ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ። ደግሞ ቁስሉን ያደርቃል ብሎ አረቄ የሚያስጎመጥም ሰው አይጠፋም...»

«የአረቄውን ነገር ለእኔ ተይው» አለች ጌታነሽ።

ወደ ቀየት በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ መስቀል ሊሳለም ወደ እሳቸው ተንጠራራ። አንዲት ሴት «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ቄሱ ፋሻቸውን እንደነከሱ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ፤ ቃል ግን ከየት ይምጣ? ሴትዮዋ ቀና አላለችም። ምን ኃጢአት ቢያዩብኝ ነው ዝም ያሉኝ ብላ የተጨነቀች መሰለች።

«ይፍታሽ ብለዋል፤ ጥርስ ተነቅለው ነው» አለች ጌታነሽ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ።

ደም ደም የሚለው ምራቅ አፋቸውን ሞላው። በሌላ ቀን ቢሆን በመስኮቱ እንትፍ ብለው ይገላገሉ ነበር። አሁን ግን ዋጡት፤ ደግመው ዋጡት። ወጣቱ ቄስ አባይነህ ትዝ አላቸው። ዜማው ይወላገዳል እያሉ በሰው ፊት ሳይቀር ሲያርሙት የኖሩት ልጅ ነው። ደሙ ባይቆም እሑድ የሚያጠምቃት እሱ ነው። ነገሩ መሐል ሜዳ እያሉ እሾህ ሆኖ ወግቷቸው ነበር፤ አሁን ግን የሚኒባሱ መንገጫገጭ እያባበላቸው ሲያስቡት ልጅቱን በእጁ ይዞ ታያቸው። እጁ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ አይጥላትም። ይወላገድ፤ ብቻ ትጠመቅ አሉ በልባቸው። እንዲህ በማሰባቸው ራሳቸውም ተገረሙ፤ ደስም አላቸው።

ሳሌም ቤት ሲደርሱ ሐና ያለችው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ፋሻውን አውጥተው ማየት ግን ፈሩ። ጌታነሽ ሁለት ጊዜ «ያውጡት» ብትላቸው ሁለት ጊዜ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳሌም ነገሩ ገብቷት ልጅቱን አስታቀፈቻቸው።

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ቄሱ ፈገግ ሊሉላት ሞከሩ፤ የፊታቸው ግማሹ ታዘዘ፣ ግማሹ እምቢ አለ። አንደኛው ጉንጫቸው ተነፍቷል፣ ከንፈራቸው ወደ አንድ ወገን ተንሻፏል። ልጅቱ ትክ ብላ ካየቻቸው በኋላ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። እስከዚያ ቀን ፈገግታዋን እንጂ ሳቋን የሰማ አልነበረም።

ቄስ ኪዳነ ወልድ አልቻሉም፤ እሳቸውም በደነዘዘ አፋቸው ሳቁ። ፋሻው ወጥቶ ጭናቸው ላይ ወደቀ።

ሳሌም ደነገጠች። ጌታነሽ ፋሻውን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው፤ ሳሌምም ተከትላት ሄደች። እናትና ልጅ አጎንብሰው ማየት ጀመሩ።

«አባ» አለች ጌታነሽ ከበሩ ሆና፣ «ይምጡ ይዩት እንጂ!»

«ቆይ» አሉ፤ ከሐኪሟ ወንበር ከተነሱ ወዲህ የወጣቸው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ዓይናቸውን ከልጅቱ አላነሱም። «መጀመሪያ ስቃ ትጨርስ።»