ቬሎው ላይ የወረደ ዱቄት

«አታራግፉ! ማንም ቬሎውን እንዳይነካ!» እያለች ታላቅ እህት በሣሩ ላይ ሮጠች።

ሙሽራይቱ፣ ታናሽ እህቷ፣ በፓርኩ መሃል እጆቿን ዘርግታ ደርቃ ቀርታለች። ነጩ ቬሎ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ብርቱካናማ ዱቄት ተነስንሶበታል። የሙሽራው መላጣም ድርሻውን አላጣም። ፎቶ አንሺው ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ማንሳቱን ቀጥሏል።

«ከየት መጣብን ይሄ መዓት?» አለች እናት።

«የአበባ ብናኝ ይሆናል፤ ወቅቱ ነው» አለ ሙሽራው።

«አንተ ዝም በል፣ አናትህ የበሰለ ማንጎ መስሏል» አለችው ሙሽራይቱ፤ ልታለቅስ ስትል ሳቋ አመለጣት።

ከየት እንደመጣ የምታውቀው ታላቅየዋ ብቻ ነበረች። ሥራዋ ከጭስ ማውጫ የወጣ ብናኝ በነፋስ ተበትኖ የት እንደሚያርፍ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ቤተሰቡም ለሙያዋ ክብር ሲል «እትዬ ነፋስ» ይላታል። የሲሚንቶ ፋብሪካው ሁለተኛ ጭስ ማውጫ ለማቆም ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጭሱ ሰው የማይኖርበት ሜዳ ላይ እንደሚወርድ ያሰላችው እሷ ናት። ባልደረቦቿ ዛሬ ከነባሩ ማውጫ አናት ጉዳት የሌለው ባለቀለም ዱቄት የለቀቁት ይህንኑ ለማረጋገጥ ነበር። እህቷ ለፎቶ ቦታ ስታማክራትም፣ «ፓርኩ ሂዱ፤ ነፋሱ ዛሬ ወደ ሜዳው ነው፣ በእኔ ይሁንባችሁ» ብላ ነበር።

ነፋሱ ግን በመንገዱ ካለው ኮረብታ ጋር ተላትሞ ወደ ፓርኩ ዞሮ መጣ።

ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ናቸው።

«ዱቄቱን እንዲይዙ ሜዳው ላይ ያስቀመጥናቸው ሳህኖች ንጹሕ ናቸው» አሉ። «የፋብሪካው መሐንዲስ "ዱቄቱ በኖ ጠፍቷል፣ ስሌቱ ልክ ነው ብለን እንፈርም" ይለኛል። አንቺ ካልሽ እፈርማለሁ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የአበባ ብናኝ ተብሎ ይቀራል። ቀና ስትል ልጆች ከሸርተቴው ላይ ዱቄቱን በጣታቸው እየጠረጉ ፊታቸውን ሲቀቡ አየች። ፋብሪካው ሁለተኛውን ማውጫ ሲያቆም በዚያው መንገድ የሚመጣው ቀለም አይሆንም።

ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ትችል ነበር።

«አይፈርሙ!» አለች፣ ቤተሰቡ ሁሉ እስኪዞር ድረስ። «የለቀቅነው ዱቄት ፓርኩ ላይ ነው የወረደው። ስሌቴ ተሳስቷል።»

ሙሽራይቱ ቬሎዋን ሰብስባ መጣች። «የለቀቅነው? አንቺና ማን?»

«እኔና መሥሪያ ቤቴ።»

«በሠርጌ ቀን!»

«ወደ ሜዳው ይሄዳል ብዬ ነው እኮ። ይቅር በይኝ… ቬሎው ደግሞ ለማስረጃ ያስፈልገኛል።»

«እና ራቁቴን ልዳር?»

«የኔን ቀሚስ ልበሺ። መጸዳጃ ቤት ገብተን እንቀያየር። ብቻ ስታወልቂው ቀስ በይ።»

ሙሽራይቱ እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ቀሚስሽስ ያምራል» አለች በመጨረሻ፣ ቅር እያላት።

«ናሙናውን በምን ታመጪዋለሽ? ትልቅ ፌስታል ልላክ?» አሉ አለቃዋ ከስልኩ ውስጥ።

«ፌስታል ውስጥ ይራገፋል። ለብሼው እመጣለሁ።»

እናት ሰማይ ሰማዩን አየች። «ይቺን ትልቋን ልጄን በቬሎ አሳየኝ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩህ፤ እንዲህ አድርገህ ነው?»

ታላቅየዋ የቬሎውን ጫፍ እንዳይራገፍ በሁለት እጇ አቅፋ፣ እህቷን ከኋላ እየተከተለች ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመራች።