እንግሊዝ ሥር የተነገረ መርዶ

«አላለቀሰችም እኮ» አሉ እትዬ ሐረገወይን በሹክሹክታ። የእሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ከኩዌቱ ኸይጣን ሰፈር ተነስቶ ፋርዋኒያ ይሰማል። «ሦስት ቀን ሙሉ! አንዲት ዘለላ!»

«ደንግጣ ነዋ» አለች ርሆቦት፣ ንፍሮውን ለለቀስተኛ እያዞረች።

«ድንጋጤ ይህን ያህል ይቆያል እንዴ? እኔ እንኳን የሐበሻ ዕድር ሰብስቤ፣ ስንቱን ሰው አርድቼ፣ እንዲህ ያለች አላየሁም።»

ጽጌረዳ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሁሉንም ትሰማለች። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳል። የምትሠራበት ፀጉር ቤት ማዳም ሁለት ካርቶን ውሃና አንድ ሣጥን ቴምር ልካለች፤ ከቴምሩ ጋር ደግሞ «ለቅዳሜ ትደርሳለች?» የሚል መልእክት። ሁሉም «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላታል፣ እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች። ዓይኗ ግን በሩ ሥር ከተቀመጠው ሰው ላይ አይነሳም።

ሰውየው ሀብተወልድ ነው። ወንበር ያመጣው እሱ፣ ሻይ የሚቀዳው እሱ፣ እንግዳ እስከ አሳንሰር የሚሸኘው እሱ። በዚህ ልቅሶ የእሱን ያህል የደከመ የለም። ጽጌረዳም እንባ አላጣችም፤ ያጣችው ጊዜ ነው። ቂም የሙሉ ቀን ሥራ ነው፣ የዓርብ ዕረፍት እንኳ የለውም። ሀብተወልድ አንድ ብርጭቆ በቀዳ ቁጥር እሷ አንድ ቅጣት ታወጣለታለች። እስካሁን ያወጣችው ሁሉ አንሶባታል።

ሀብተወልድ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ከእነ ጽጌረዳ ቤት ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራል። «ይኖራል» ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ክፍሏ ውስጥ የምትኖረው እንግሊዝ ናት። እሱ በወጣትነቱ በሾፌርነት ያገለገለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልበቃ ብሎት ትቶለት የሄደው የአሻንጉሊት ባቡር፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ተራብቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርሷል። ከለንደን ፓዲንግተን ይነሳና በጠረጴዛው ዙሪያ ዞሮ ባሕር ዳርቻ ያለችው ፔንዛንስ ይገባል። በመሐል ድልድዮች አሉ፣ ዋሻ አለ፣ የጥጥ በጎች አሉ፣ ከአውራ ጣት የሚያንሱ፣ ዣንጥላ የያዙ እንግሊዞች አሉ። አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለ ሀብተወልድ ፍራሹን ጠረጴዛው ሥር አንጥፎ ይተኛል። «የት ነው የምትተኛው?» ሲሉት «ዴቨን ሥር» ይላል፣ ከላዩ ያለውን የእንግሊዝ አውራጃ ጠርቶ፣ ሳይስቅ። እንግሊዝን አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም፤ ባቡር የሚያረፍድበትን ጣቢያ ግን በስም ይጠራልሃል።

እዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ስልኩን በር ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣል። «ሲግናሉን ያምታታዋል» ይላል ሀብተወልድ። ውሸት ነው። ሰው ባቡሩን ትቶ ስልክ ሲያይ ስለሚከፋው ነው።

ይህቺ ውሸት ናት ጽጌረዳን የፈጀቻት። ሐሙስ ማታ፣ የጽጌረዳ ወንድም ዳግም ከሞጆ ደውሎ የእናታቸውን ሞት ለእትዬ ሐረገወይን ነገራቸው፤ ቀብሩ ዓርብ በስምንት ሰዓት ነው። ጽጌረዳ ደግሞ ዓርብ ዓርብ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ ለእናቷ ትደውላለች። ምን ይሻላል ተባለ። በኩዌት ምድር ጽጌረዳን ከስልኳ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚለያት አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ።

«ጽጌ፣ ባቡሬን አላየሽም አይደል?» አላት ሀብተወልድ ዓርብ ረፋድ ላይ። «ዛሬ አንቺ ነሽ ነጂዋ።»

ነዳች። የጣቢያ ኃላፊ ኮፍያ አደረገች። ሁለት ቁራሽ ኬክ በላች። «ጎበዜ» የሚለውን አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ከድልድይ ወደ ዋሻ እየላከች፣ ስድስት ወር እንዳልሳቀ ሰው ሳቀች። ልክ በስምንት ሰዓት ሀብተወልድ ድንገት ኤሌክትሪኩን አጠፋ። ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«መስመር ተይዞ ነው። ትንሽ እንጠብቅ።»

«እንግሊዝም መብራት ይጠፋል እንዴ ጋሼ?» ብላ እንደገና ሳቀች።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳና ተነገራት። የስምንት ሰዓቱን ነገር ግን ማንም አልነገራትም፤ በዚያው ጠዋት ዳግም በስልክ «ስምንት ሰዓት ላይ ነው አፈር የለበሰችው» ሲላት ራሷ ገጣጠመችው። ሰውየው ፊቷ ቆሞ የገዛ እናቷን አልቅሶላታል። በእሷ ቦታ። እሷ ደግሞ ኬክ በአፏ ይዛ ቀልዳለች።

መደበቁ አልነበረም ያንገበገባት። የመርዶ ነጋሪ ልጅ ናት፤ መርዶ እንደሚደበቅ ከጡት ጋር ነው የተማረችው። እናቷ ፈትለወርቅ በሞጆ የሰፈሩ መርዶ ሁሉ በእሷ አፍ የሚያልፍ ሴት ነበረች። ስለዚህም በሯን ስታንኳኳ ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። ወንፊት ልትዋስ ስትሄድ እንኳ ገና ከአጥሩ ውጪ «ደህና ነው! ሁሉም ደህና ነው! ወንፊት ነው!» እያለች መጮህ ነበረባት፤ አንድ ጊዜ ረስታ ዝም ብላ ብትገባ ጎረቤቷ ራሷን ስታለች። የጽጌረዳ አባት ሲሞት ደግሞ ልጆቿን እንዴት እንደምትነግራቸው ጠፍቷት፣ ነጠላዋን ለብሳ ከገዛ ቤቷ ወጣችና በሩን ዘግታ አንኳኳች። ጽጌረዳ ናት የከፈተችላት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ፈትለወርቅ ሀዘንተኛን ታበላለች፣ እግሩን ታጥባለች፣ መርዶውን ለቀናት ትደብቅለታለች። አንድ ነገር ግን አታደርግም፤ አታስቀውም። «የሳቀባትን ሰዓት ዕድሜ ልኩን ነው የሚያስታውሳት» ትል ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቁርጡባ ሰፈር፣ ማዳሞቻቸው ለአንድ ሰዓት የፈቀዱላቸው ሴቶች መጥተው አልቅሰው ሲሄዱ ሁሉም ሊሸኛቸው ወጣ። የሀብተወልድ ቁልፍ፣ ከክፍሉ የሻይ ማፍያ ስታመጣ ርሆቦት የሰቀለችበት ምስማር ላይ ነበር። ጽጌረዳ አነሳችውና ደረጃውን ይዛ ወጣች።

እንግሊዝ ነጭ ለብሳለች። ሀብተወልድ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር በአንሶላ ሸፍኖታል፤ ሀዘን ነውና ባቡር አይሄድም። ጽጌረዳ ለአፍታ ቆም አለች። ከዚያ ይሉኝታው ይበልጥ አናደዳት። አንሶላውን ገለጠች፣ ጎበዜን ከሐዲዱ አነሳች፣ አንሶላውን መለሰች። ሰገነት ወጥታ ታች ሰው አለመኖሩን አየችና ለቀቀችው። አምስት ፎቅ ለመውረድ ምንም አልፈጀበትም። ስብርባሪውን ከሲሚንቶው ላይ ስትለቅም የሕንጻው ጥበቃ ኑዕማን አያት። ሀዘንተኛ መሆኗን ስለሚያውቅ ምንም ሳይጠይቅ ከረጢት ሰጣት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እትዬ ሐረገወይንን ቀሰቀሰቻቸው።

«እትዬ፣ ጋሼ ሀብተወልድ ዘንድ መርዶ አለ።»

ሴትዮዋ ማን እንደሆነ ከመጠየቃቸው በፊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። «በልቷል?»

«ፍርፍር ሠርቻለሁ።»

«የእናትሽ ልጅ!» አሉ። ደረጃው ላይ ነው ትዝ ያላቸው። «ማን ነው ግን?»

«የሚወደው።»

«እግዚኦ!»

ሀብተወልድ በሩን ሲከፍት ሦስት ሴቶች አየ፤ ነጠላቸው የተዘቀዘቀ፣ ርሆቦት እጅ ላይ የተሸፈነ ሳህን። ወደ ኋላ አፈገፈገና ጠረጴዛው ሥር፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ።

«ይብሉ ጋሼ» አለች ጽጌረዳ፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ እያስቀመጠች።

«ማን ነው?»

«መጀመሪያ ይብሉ።»

«እህቴ ምሥጢር ናት? ጽጌ፣ እሷ ናት?»

ጽጌረዳ ዝም አለች። ይህቺን ዝምታ ነበር ስታሰናዳት ያደረችው። የሀብተወልድ እጅ አንድ ጉርሻ አነሳ፣ አፉ ሳይደርስ መለሰው። ለአንድ ትንፋሽ ያህል በቀሉ ጣፈጣት። ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ግን ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት መሰላት። እትዬ ሐረገወይን ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ማልቀስ ጀምረዋል።

«ጎበዜ ነው» አለችና ከረጢቱን ፍራሹ ላይ ገለበጠችው። ጎማ፣ ጭስ ማውጫ፣ አረንጓዴ ቁርጥራጭ ተዘረገፈ። «ከሰገነት የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ሀብተወልድ ስብርባሪውን አየ። ሴቶቹን አየ። «ሰው አይደለም?»

«ሰው አይደለም።»

«ምሥጢር ደህና ናት?»

«እኔ ምን አውቅላታለሁ!»

«ተመስገን!» አለ ሀብተወልድ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና ርቦት እንደከረመ ሰው ይጎርስ ጀመር።

«ለአሻንጉሊት ነው ነጠላዬን ያዘቀዘቅሁት?» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

ጽጌረዳ አልሰማቻቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ የደከመችበት በቀል ፊቷ ፍርፍር እየበላ ነው። «ያልቅሱ እንጂ!» አለች። «ሃያ ዓመት የለፉበት ነው፣ ያልቅሱ!»

«ጽጌ...»

«ያልቅሱ!» ድምጿ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ።

ሀብተወልድ ማኘኩን አቆመ። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳህኑን ወደ ጎን አኖረ፣ እጁን ጠረገ፣ ብርድ ልብሱን ከፍራሹ ላይ ስቦ ራሱን ተከናነበ።

«ወይኔ!» አለ። መጀመሪያ ለይሉኝታ ነበር፤ የለቀስተኛ ወግ። «ወይኔ ጎበዜ! ወይኔ ዳገት የማይበግርህ!» ርሆቦት ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በነጠላዋ ያዘች። የሰውየው ድምፅ ግን እየቆየ ወደ ታች ወረደ፣ ሻከረ። «ወይኔ እናቴ ፈትለወርቅ! ልጅሽን በቀብርሽ ቀን አሳቅኋት! ይቅር በይኝ እናቴ፣ በቀንሽ አሳቅኋት!»

እትዬ ሐረገወይን ርሆቦትን በክርናቸው ነካ አደረጉና ይዘዋት ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ጽጌረዳ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከጎኑ ተቀመጠች። የብርድ ልብሱን ሌላኛውን ጫፍ ሳብ አድርጋ ፊቷን ሸፈነችበት።