ዋስ የሌለው ቀስት

መምህር ቤዛብሕ ፊዚክስ ሲያስተምር ዋስ ያስጠራል። ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ሱቆቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ማጠናከሪያው። ተማሪ ሰሌዳው ላይ የኃይል ቀስት በሳለ ቁጥር፣ «ዋሱን ጥራ! ማን ገፋው? ማን ሳበው?» ይላል። ዋስ ያጣ ቀስት ይጠፋል፤ በቃ፣ ይግባኝ የለም።

የዛሬዋ ቅዳሜ ግን ለራሱም ከብዳዋለች። ተማሪዋ ሮሐ አክስቷን አስከትላ መጥታለች። እትዬ የዓለምወርቅ የጋቢና የነጠላ ነጋዴ ናቸው። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቁርጡን ነገሩት፤ «ትምህርቱ ካልገባት ምን ያደርግላታል? ዛሬ አየዋለሁ። ካልሆነ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ሱቅ ትቆማለች።» ቤዛብሕ ደግሞ ልጅቷን ያውቃታል፤ ዝም ትላለች እንጂ ጭንቅላቷ ሥራ አይፈታም። እንድትቀርበት አልፈለገም።

«ሮሐ፣ ተነሺ። ከእንጦጦ የሚወርድ ታክሲ ድንገት ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪዋ አንቺ ነሽ እንበል። ወደ ፊት የወረወረሽ ምንድነው?»

ሮሐ ወደ ፊት የሚሄድ ቀስት ሳለች።

«ዋስ?»

«ሹፌሩ።»

«ሹፌሩ ነካሽ?»

«ኧረ አልነካኝም።» ትንሽ አሰበች። «ማንም አልገፋኝም ማለት ነው። ታክሲው ሊቆም ሲል እኔ መሄዴን ቀጠልኩ።» ቀስቷን ራሷ አጠፋችው።

ቤዛብሕ ደስ አለው፤ ደስታው ደግሞ አጣደፈው። እትዬን ላስደምም ብሎ፣ ባዘነበለ ጣውላ ላይ ቁልቁል የሚንሸራተት የጋቢ ጥቅል ሳለ። ክብደቱን፣ የጣውላውን ግፊት፣ በመፋተግ ሽቅብ የሚይዘውን ሰበቃ በየቀስታቸው አሰፈረ። ከዚያ አራተኛ ቀስት ቁልቁል ጨመረ፤ «ይሄ ደግሞ የሚያንሸራትተው ኃይል ነው።»

ሮሐ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የእሱስ ዋስ ማነው?»

«ምድር ናታ።»

«ምድር እኮ ለክብደቱ ዋስ ሆናለች። ሁለቴ ልትቆጠር ነው?»

ቤዛብሕ ሰሌዳውን አየ፤ ጆሮው ጋለ። ልጅቷ ልክ ነች።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው?» አሉ እትዬ ከኋላ። «መምህር ይታረማል እንዴ?»

ዝም ቢል ክብሩ ይተርፍለታል፤ እሷ ግን ባለጌ ተብላ ልትሄድ ነው። አራተኛውን ቀስት በመዳፉ ጠረገው። «እትዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጥቅሉን ቁልቁል የሚወስደው ያው ክብደቱ ነው፤ ሌላ የለም።»

«እርስዎ ከተሳሳቱ ታዲያ እሷን ማን ሊያስተምራት ነው?»

እንግዲህ ጉድ ፈላ። እውነቱን በመናገሩ ተማሪውን ሊያጣ ነው።

«አክስቴ፣» አለች ሮሐ፣ «ስህተቱን ያየሁት እሳቸው ባስተማሩኝ ነው።»

እትዬ የዓለምወርቅ ሰሌዳውን አዩ፤ የእህታቸውን ልጅ አዩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። ሮሐም አንገቷን ደፍታ ደብተሯን መሰብሰብ ጀመረች።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?» አሏት። «ተቀመጪ። ሱቁ ላይ እኔው እቆማለሁ።»