የቲቸር ዱባ

ሰፈሩ ሁሉ «ምላጩ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ዝም ብሎ የሠራበት ቀን የለም። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ አንገቱ በብሩሽ እስኪራገፍ ድረስ ያወራል፤ ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት መልሱንም ራሱ ይሰጥለታል። መቀስ ጆሮው ሥር እየተንቀጫቀጨ ማን ይከራከረዋል? ቤቱ ሲገባ ግን የሚያርመው ሰው ነበረው። ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሳይንስ ስታስተምር የኖረች፣ ተማሪዎቿም ጎረቤቶቿም ባሏም «ቲቸር» የሚሏት ሴት ነበረች። እሱ ወሬውን ሲያጋንን «ተሳስተሃል» ትለዋለች፤ ተቆጥታ ሳይሆን፣ ደብተር ላይ ቀይ መስመር እንደምታሰምር ቀስ ብላ። እሱም ይህ ደስ ይለው ነበር። አንዳንዴማ እንድታርመው ብሎ እያወቀ ይሳሳታል።

አንድ ቀን ጠዋት ቲቸር ጫማዋን ስታስር ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ከሆስፒታል ስትመለስ ምላሷም አብሮ ታስሮ ነበር። ማለት የምትፈልገውን ታውቀዋለች፤ ቃሉ ግን ከንፈሯ ላይ ደርሶ ይቀራል። በየሳምንቱ የምትመጣው የንግግር ባለሙያ ምላጩን ወደ በር ወሰድ አድርጋ መከረችው። ቲቸር መናገር ትችላለች፣ ግን መሞከሯን መተው የለባትም፤ እሱም ይጠይቃትና ዝም ይበል፣ ዝምታው ቢረዝምም ዝም ይበል፣ ቃሏን ከአፏ አይንጠቃት አለችው። ምላጩ በዚህ እንዳትሰጋ ነገራት፤ ዝም ማለት እንዴት እንደሚችልበትም ሊፍቱ እስኪመጣ ድረስ አወራላት።

አልቻለበትም። ቲቸር «ው…» ስትል ብርጭቆ ይዞ ይሮጣል። «መ…» ስትል መስኮት ይከፍታል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ መነጽሯን ያመጣል። ክፋት የለበትም፤ ስትታገል ማየት አንጀቱን እየበላው ነው። እሷ ግን ቀስ በቀስ መሞከሩን ተወችው። ወንበሯን ወደ በረንዳው በር አስዙራ፣ ደጅ ደጁን እያየች ትውል ጀመር።

በረንዳው ላይ ለዓመታት ያሳደገችው አንድ ፈርን ነበር፤ አበባ የሚባል የማያወጣ፣ ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ተክል። ምላጩ ውሃ ሊያጠጣው ጎንበስ ሲል ቅጠሉ ገልበጥ አለና ከሥሩ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ክብ ቡናማ ነጥቦች አየ። ስለ ተክል ምንም አያውቅም፤ የራስ ቆዳ ላይ ስለሚወጣው ቆረቆር ግን ማንም አይነግረውም። ያየው ነገር ቆረቆር ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረውም። የአንገት ብሩሹን አመጣና እያንዳንዱን ቅጠል እየገለበጠ አራገፈው። ቡናማው ዱቄት ብን እያለ፣ ከቧንቧ በሚንጠባጠብ ውሃ የራሰው ጡብ ላይ ወረደ። ከዚያ ቅጠሎቹን አልኮል በነካው ጥጥ አንድ በአንድ ጠረጋቸው። ቲቸር በግራ እጇ የወንበሩን ክንድ ደጋግማ መታች፤ እንባዋም ወረደ። እሱ በደስታ ያለቀሰች መሰለው።

«አይዞሽ ቲቸር፣ አድኜልሻለሁ» አላት።

በዚያው ሰሞን ለሾርባ ዱባ ሲከትፍ፣ ፍሬውን ከመጣሉ በፊት ቲቸር ግራ እጇን ሰደድ አድርጋ አንዷን ፍሬ ያዘች። ቢለምናትም አልለቅ አለች። በአገጯ በረንዳው ጥግ ያለውን ባዶ የቀለም ባልዲ አሳየችው። ምላጩ ከሰፈሩ አትክልተኛ አፈር ለምኖ ፍሬዋን ተከላት። ባልዲዋ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቅ ካለ በኋላ የቲቸር ዓይን ሌላ ነገር ማየት ተወ። ሐረጉ የበረንዳውን ብረት ይዞ ተሳበ፣ ቅጠሉ ሰፋ፣ አንድ ጠዋትም ቢጫ አበባ ፈነዳ።

ምላጩ ልቡ በደስታ ዘለለ። ሚስቱ ማታ ማታ ትምህርቷን ጮክ ብላ ስትዘጋጅ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ካልወጣው ጥቂት ነገር አንዱ «ርክበ ብናኝ» የሚለው ነው፤ የአንዱን አበባ ዱቄት ወደ ሌላው አበባ ማድረስ። ይህ የንብ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን እዚህ ፎቅ ድረስ የምትወጣ ንብ የለችም። ታዲያ የአንገት ብሩሹን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ከአበባ አበባ እየዞረ ያዳርስ ጀመር። አበቦቹንም እንደ ደንበኛ ያወራቸዋል። ቲቸር ከመስኮቱ ወዲህ ሆና የወንበሩን ክንድ ትመታለች፤ እሱ ብርድ ልብስ ያመጣላታል። ደግማ ትመታለች፤ ትራሷን ያስተካክልላታል። አበቦቹ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጉና በማግሥቱ ይረግፋሉ። አንድም ዱባ አልያዘም።

ከዚያ ልጃቸው ደወለች። የምትኖረው በሌላ ከተማ ነው፤ የባለሙያዋን ሪፖርት በስልክ ስትከታተል ነበርና ምንም ለውጥ አለመኖሩ አሳስቧታል። «አባዬ፣ አንተ ስለምትወዳት ነው እንድትናገር ዕድል የማትሰጣት» አለችው። በወሩ መጨረሻ መጥታ እናቷን ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳት ወስናለች፤ እዚያ በየቀኑ የሚያሠለጥኗት ሰዎች አሉ። ምላጩ ስልኩን አስቀመጠ። ልጁ እውነቷን ነው። ቲቸር የሌለችበትን ቤት በሐሳቡ ሊያየው ሞከረና ፈራ፤ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ብሩሹን ይዞ በረንዳ ወጣ። ከሥር ሦስት የረገፉ አበቦች አሉ። ብሩሹን ወደ አዲሶቹ ማንሳት አቃተው። ከባልዲው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ የሚያወራውም አልነበረውም። በሩ ክፍት ነው፤ ቲቸር ከኋላው ወንበሯ ላይ ናት። ያ ሁሉ ወሬ ሲቆም የታችኛው ፎቅ ሬዲዮ ሳይቀር ይሰማ ጀመር።

«ወንድ…» አለ አንድ ድምፅ።

ምላጩ ዞረ። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሺህ ነገር አፉ ላይ መጣበት፦ የቱ ወንድ፣ ወንድምሽ ነው ወይ፣ ይጠራልሽ ወይ። የብሩሹን እጀታ በጥርሱ ነከሰ።

«ወንድ… ናቸው» አለች ቲቸር። ዝምታው ረዘመ። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። «ሁሉም።»

እጀታውን አልለቀቀም። ቲቸር ግራ እጇን አነሳችና ወደ ሐረጉ ታችኛው ቅጠል ጠቆመች። ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርገው ያልፈነዳች እምቡጥ አለች። እሱ ያዳረሳቸው አበቦች ሁሉ ረጅምና ቀጭን አንገት ላይ የቆሙ ነበሩ፤ የዚህችኛዋ አንገት አጭር ነው፣ ከሥሯም ጣት የማታክል ድቡልቡል ዱባ ይዛለች። ያን ሁሉ ጠዋት ከወንድ ወደ ወንድ ሲመላለስ ኖሯል።

«ሴቷ» አለች ቲቸር። ደግሞ ታገለች፤ ደግሞ ጠበቃት። «ነገ።»

በማግሥቱ ሱቁን አልከፈተም። ወንበሯን እስከ ባልዲው ድረስ ገፋላት። ሴቷ አበባ አፏን ከፍታ ጠበቀቻቸው። ምላጩ ብሩሹን ሊያቀብላት ሲል ቲቸር በእምቢታ ራሷን ነቀነቀችና ወደ አንዱ ወንዴ አበባ አሳየችው። ቆርጦ ሰጣት። ቢጫ ቅጠሎቹን አስገነጠለችውና፣ ዱቄቱ ያለበትን የመሃሉን ዘንግ በግራ እጇ ይዛ በሴቷ አበባ ልብ ላይ አሸችው። ግራ እጇ ሥራውን አልለመደም፤ እሱ ሊደግፋት ፈልጎ እጆቹን ከኪሱ አላወጣም። ስትጨርስ እርድ የነካት ይመስል ጣቶቿ ቢጫ ሆነው ነበር። ቀኑን ሙሉ አልታጠበችም።

ትንሿ ዱባ አልረገፈችም። ጡጫ አከለች፣ ከዚያም አልፋ ሄደች። ቲቸርም እንደዚያው በቀን አንድ ሁለት ቃል ትይዛለች፤ እሱ ይጠይቃል፣ ከዚያ የሚነክሰው ነገር ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ደንበኞቹ ታሟል መሰለን ማለት ጀመሩ፤ አሁን ጥያቄ ይጠይቅና መልስ ይጠብቃላ።

ልጃቸው የምትመጣበት ቀን ሲደርስ ምላጩ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጠበ። በረንዳው ላይ ሲደርስ፣ ከፈርኑ ሥር ያለውን የራሰ ጡብ አረንጓዴ ነገር አልብሶት አገኘ። የሽቦ መፈተጊያውን አንስቶ ሊፈትገው እጁን ዘረጋ፤ ግን ካለፈው ተምሯል።

«ቲቸር፣ ይሄን ልፈትገው?» አለና ጠበቀ።

ቆየች። «ልጆች ናቸው» አለች።

ጠጋ ብሎ አየ። ጣት ጫፍ ላይ ብዙ የሚቀመጡ፣ ቀጫጭን፣ እያንዳንዳቸው የልብ ቅርጽ ያላቸው አረንጓዴ ነገሮች ናቸው። ከአንዷ ልብ ሥር ከክር የቀጠነች፣ ጫፏ የተጠቀለለች አንዲት ቅጠል ብቅ ብላለች። ቀና ብሎ ፈርኑን አየ፤ ከዚያ ጡቡን። ያራገፈው ዱቄት ትዝ አለው።

«ታዲያ ያ… ቆረቆር አልነበረም?»

«ተሳስተሃል» አለች ቲቸር።

ቃሉ ሳይሰበር፣ ሳይንገዳገድ፣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ወጣ። ምላጩ መፈተጊያውን ይዞ እዚያው ተንበርክኮ አለቀሰ። እጇ አልታዘዝ ካላት ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረው ቃል ይኸው ነበር። ቲቸር ግራ እጇን መላጣው ላይ አሳረፈችና እስኪወጣለት ተወችው። ኋላ እየቆራረጠች ነገረችው፤ አበባ የሌለው ተክል የሚወልደው በዚያ ዱቄት ነው፣ እርጥብ ቦታ ካገኘ ይበቃዋል፣ እሱም ዱቄቱን ሳያውቅ ዘርቶታል። መልሱ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ለእሱ ግን አልረዘመበትም።

ልጃቸው ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ባዶ ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው፣ የእናቷን ልብስ የምትከትበት። እናቷን አቅፋ ስትስም ቆየችና ከወንበሯ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማዬ፣ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?»

ምላጩ አፉ ተከፈተ። አትሄድም፣ አሁን ትናገራለች እኮ፣ ትናንት ስንት ቃል እንዳለች ልንገርሽ፣ እባክሽን አትውሰጂብኝ፤ ሁሉም አንድ ላይ ጉሮሮው ድረስ መጣ። አፉን ገጠመ። የበሩን መቃን በሁለት እጁ ያዘ። መሄድ ከፈለገችም ቃሉ የእሷ ነው። ልጅቷ እናቷን ታያለች፣ እናቷ በረንዳውን ታያለች፤ ዝምታውም ረዘመ፣ በጣም ረዘመ፣ ምላጩ ግን አልተነፈሰም።

«ዱባዬ…» አለች ቲቸር፣ «አልደረሰም።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቲቸር አልጨረሰችም ነበር። ግራ እጇን አንስታ፣ መቃኑ ላይ ተጣብቆ የቆመውን፣ ፊቱ በላብና በእንባ የራሰውን ባሏን አሳየቻት።

«እሱም… ገና ተማሪ ነው።»